የጋሽ ባድሩ ፍሪዘር

ጋሽ ባድሩ በሰው ላይ ክፉ ቃል ሲወጣቸው የሰማ የለም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ከታች የምጽፈውን አንብቦ የሚፈርድባቸው እንዳይኖር ነው። መፍረድ የፈለገ እስከ መጨረሻው ይታገሰኝ። የሚፈረድበት ሰው አለ፤ እሳቸው ግን አይደሉም።

ጋሽ ባድሩ ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ውኃው በሚወስደው መንገድ ዳር አሳ ይሸጣሉ። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። አጭር ናቸው፤ ጣቶቻቸው ቅርፊት ሲፍቁ በኖሩበት ቢላዋ ተቆራርጠዋል። ደንበኛው ችግረኛ መስሎ ከታያቸው መዝነው ሲያበቁ አንዲት ትንሽ ቆሮሶ ይጨምሩና “ይቺ ለድመቷ” ይላሉ፤ ሰውየው ድመት እንደሌለው እያወቁ። “እንዲህ እየነገዱ ሳይከስሩ የቆዩት በአላህ ሥራ ነው” እያልን ፊት ለፊት እንቀልድባቸዋለን። እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ።

እኔ ዙሌይካ እባላለሁ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ከቤት ቤት እየዞሩ መናገር ነው። ውኃ አፍሉ፣ እጅ ታጠቡ፣ ጨው ቀንሱ፣ ልጁን አስከትቡ። አንዱን ነገር በቀን ስንት ጊዜ እንደምደግመው ብታውቁ ታዝኑልኛላችሁ። ከጊዜ በኋላ አፌ ለብቻው ይናገራል፣ ሐሳቤ ደግሞ ለብቻው የሚቀጥለው ቤት ደርሶ ይጠብቀኛል። ሰው ግን ይሰማኛል። ዙሌይካ ያለችው ነው ይባላል። ይህ ያኮራኝ ነበር።

የጋሽ ባድሩ የልጅ ልጅ ሉብና በዘጠኝ ዓመቷ የስኳር በሽታ ተገኘባት። እናቷ ሙጂባ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፤ አባቷ ሌላ አግብቶ ወደ ኮምቦልቻ ሄዷል። ልጅቷን የሚያሳድጓት አያቷ ናቸው። በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን መወጋት ይኖርባታል ሲባሉ ጋሽ ባድሩ ያለቀሱት ለቅሶ አይረሳኝም። ልጅቷ ግን ዓመት ሳይሞላት መርፌውን ራሷ መውጋት ጀመረች። “አባባ፣ ከአሳ እሾህ ትሻላለች” ትላቸው ነበር።

ያኔ ቤታቸው ማቀዝቀዣ ስላልነበረ መድኃኒቱን በማሰሮ ማቆየት ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ትልቅ ማሰሮ ውስጥ አሸዋ፣ አሸዋው መሃል ትንሽ ማሰሮ። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ ማጠጣት ነው፤ ብልቃጡ በላስቲክ ተጠቅልሎ ትንሿ ማሰሮ ውስጥ ይገባና እርጥብ ጨርቅ ይለብሳል። የዚያን ቀን ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። “ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም። ዋናው ነገር ቀዝቃዛ ቦታ ነው፣ ጋሽ ባድሩ” አልኳቸው።

ሥልጠና ላይ የተማርኩት ግን ከዚህ ይረዝም ነበር። ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፤ በረዶ ግን እንዳይነካው፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ቢሟሟም አይሠራምና ጣሉት። ሙሉው ይህ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ ተናግሬ ወጣሁ። ማሰሮና አሸዋ ባለበት ቤት በረዶ ከየት ይመጣል ብዬ ነው። ብዬ ነው ማለቴ ራሱ ውሸት ነው፤ አላሰብኩም። የሚቀጥለው ቤት ይጠብቀኝ ነበር።

አራት ዓመት ማሰሮው አላሳፈረንም። ጋሽ ባድሩ ከፈጅር ሶላት መልስ አሸዋውን ያጠጣሉ፣ ከመግሪብ በፊት ይደግማሉ። ሉብና አደገች፣ ጉንጯ ሞላ፣ መድረሳ ውስጥ ድምፅዋ ከሁሉ በላይ የሚሰማ ሆነች። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት ሙጂባ ከሪያድ ብር ላከችና ለአባቷ ለጋሽ ባድሩ ከደሴ ፍሪዘር ተገዛላቸው። ያልተሸጠ አሳ እየተበላሸባቸው ነበርና። ነጭ ነው፤ ክዳኑ ወደ ላይ ይከፈታል። በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ አየው። ከሳሎኑ ጥግ አስቀምጠው ዳንቴል አለበሱት።

ጋሽ ባድሩ መጀመሪያ ያስገቡበት አሳ አልነበረም። የሉብናን ብልቃጥ ነው። ቀጥለው ደግሞ ጎረቤቶቻቸውን አሰቡ። እትዬ መስኡዳ ዓይናቸው ደክሟል፤ አሸዋውን ማጠጣት እየረሱ መድኃኒቱ ይሞቅባቸው ነበር። ጋሽ አራጋው ደግሞ የትምህርት ቤት ዘበኛ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ቤት አይገኙም። ሁለቱም ኢንሱሊን ይወጋሉ። “የታመመ ሰው ማሰሮ ሲያጠጣ ይዋል እንዴ? አምጡት፤ ለአላህ ብዬ እጠብቅላችኋለሁ” አሏቸው። ብልቃጦቹን በአንድ ሰማያዊ ዕቃ ውስጥ አድርገው አንገታቸው ላይ ክር አሰሩባቸው። ለሉብና ቀይ፣ ለእትዬ መስኡዳ ጥቁር፣ ለጋሽ አራጋው ነጭ።

እኔም ሄጄ አይቻለሁ። ክዳኑን አንስቼ እጄን ከትቻለሁ። ያኔ መብራት በሳምንት ሦስት ቀን ቢመጣ ነው፤ እሱም ኃይል የለውም። ፍሪዘሩ ከታቹ ውኃ አቁሯል፣ አሳው ቀዝቀዝ ብሏል እንጂ አልደረቀም፣ ብልቃጡም ቀዝቀዝ ብሏል። “ማሻአላህ ጋሽ ባድሩ፣ ከጤና ጣቢያ ይበልጣል” አልኳቸው። ደስታቸውን ብታዩት! ከዚያ በኋላ ያንን ክዳን አላነሳሁትም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ለሰፈሩ አዲስ ትራንስፎርመር ተተከለ። ስንት ዓመት ያመለከትንበት ነው። መብራቱ መጣ፣ ቆየ፣ አልጠፋም። ሴቶቹ እልል አሉ። የጋሽ ባድሩ ፍሪዘር ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን በትክክል መሥራት ጀመረ። አሳው እንደ ድንጋይ ደረቀ፤ በቢላዋ እጀታ ካልተመታ አይላቀቅም። እሳቸው ለሁሉ ሰው እያሳዩ ይስቁ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ እትዬ መስኡዳ ውኃ ጥም አላስቀምጥ አላቸው። ልጃቸው ፈሂማ የውኃ ጆጉን ከአጠገባቸው አታርቅም ነበር። እግራቸው ላይ የነበረች ትንሽ ቁስል ሰፋች፣ ጠቆረች። ልጃቸው ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው፤ መድኃኒት ተጨመረላቸው፤ የተጨመረው መድኃኒትም ጋሽ ባድሩ ቤት ገባ። ጳጉሜን ውስጥ አረፉ። ዕድሜያቸው ነው አልን፤ ሰባ ስምንት ነበራቸው። ጋሽ ባድሩ ቃሬዛውን ተሸክመው ሄዱ፣ መቃብር ውስጥ ወርደው ተቀበሏቸው። ሰማያዊው ዕቃ ውስጥ የቀረውን ባለጥቁር ክር ብልቃጥ መጣል ከብዷቸው እዚያው ተዉት።

ቀጥሎ ሉብና መክሳት ጀመረች። መጀመሪያ እድገት ነው ተባለ። ከዚያ የመድረሳ መምህሯ ልጅቷ በየሰዓቱ ለሽንት ትወጣለች አሉ። ክትትል ስትሄድ ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ መጠኑ ተጨመረላት። በሚቀጥለውም ከፍ አለ፤ ተጨመረላት። እኔ እቤታቸው ሄጄ፣ አያቷ እየሰሙ፣ “ሉብና፣ ጣፋጭ ትበያለሽ አይደል?” አልኳት። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። “ወላሂ አልበላሁም” አለች። ልጅ መቼም እንዲህ ነው የሚለው ብዬ ተውኳት። የተውኩት እሷን እንጂ ነገሩን አልነበረም። ለአያቷ ስኳሩን ቆልፉበት አልኳቸው።

እሳቸውም ቆለፉበት። ከሱቅ በር ላይ ቆመው ማንም ከረሜላ እንዳይሸጥላት ለመኑ። ጎረቤት ሁሉ ጠባቂ ሆነባት። አንድ ቀን ቦርሳዋ ውስጥ የሚያብለጨልጭ የከረሜላ ወረቀት አገኙና በጥፊ መቷት። በሕይወታቸው ሰው ሲመቱ የመጀመሪያቸው ነው። ሉብና መጀመሪያ አልበላሁም አለች፤ ሁለተኛም አልበላሁም አለች፤ ሦስተኛ ሲጠይቋት “አዎ፣ በላሁ” አለች። ወረቀቱን የቁርኣኗን ገጽ ምልክት ልታደርግበት ከጓደኛዋ የለመነችው እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የጋሽ አራጋው ነገር ነው። እሳቸውም በዚያ ክረምት ሰውነታቸው ሟሽሾ ነበር። ለመስከረም ሃያ አንድ ግሸን ሊሳለሙ ሲነሱ አዲስ ብልቃጥ ከመድኃኒት ቤት ወስደው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በቀጥታ አውቶቡስ ላይ ወጡ። ያን ሁሉ ዳገት በእግራቸው ወጡ፤ ስምንት ቀን ቆዩ፤ ጥሙ ጠፋላቸው፣ ዓይናቸው በራ። ማርያም ማረችኝ እያሉ መጡ። ጋሽ ባድሩም “ቦታው ከረማ አለው፣ ተአምር ይሠራል” ብለው ተደሰቱላቸው። ብልቃጡን ተቀብለው ከወንድሞቹ ጋር ፍሪዘር ከተቱት። በሁለት ሳምንቱ ጋሽ አራጋው ተመልሰው ተኙ። ለማየት ዓይን ላለው ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል? እኔ ግን የመንገዱን በረከት አገኙ ብዬ አለፍኩ።

ጥቅምት አሥራ አራት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ስሄድ የጋሽ ባድሩን ቤት እግረ መንገዴን ልዘይር ገባሁ። ሉብና ፍራሽ ላይ ተኝታለች። ከሌሊቱ ጀምሮ ታስመልሳለች ተባልኩ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትንፋሿ ጥልቅና ፈጣን ነው፤ ሮጣ የመጣች ትመስላለች። አፏ ከልክ በላይ እንደበሰለ ፍሬ ይሸታል። ስጠራት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ጨፈነች።

“መርፌዋን ወግታለች?” አልኩ ጮኬ።

ጋሽ ባድሩ ከሳሎን መጡ። ቀኝ እጃቸውን ወደ ጎናቸው አጥብቀው ይዘዋል፤ ብብታቸው ውስጥ የሆነ ነገር አለ። “አብሽሪ ዙሌይካ፣ አሁን ትወጋለች” አሉኝ። “ገና አልሟሟም።”

አልገባኝም። ወይም ገብቶኝ ነበር፣ አላውቅም። “ምኑ?” አልኩ።

ብብታቸው ውስጥ እጃቸውን ከትተው ብልቃጡን አወጡ። ቀይ ክር አለበት። ጨርቅ ላይ ጠረጉትና ሰጡኝ። ግማሹ ነጭ በረዶ ነው። በቀለጠው በኩል ብርጭቆው ላይ ፍርፋሪ ተለጥፏል።

“ጠዋትና ማታ ብብቴ ውስጥ አቆየዋለሁ” አሉኝ። “እሳት ዳር አላስጠጋውም፤ ሙቀት አይወድም ብለሽኝ የለ። ቢስሚላህ ብዬ ብብቴ ውስጥ አደርገዋለሁ፣ ይሟሟል። ፍርፋሪውን እነቀንቀዋለሁ።”

የሆነውን ሁሉ፣ እትዬ መስኡዳን፣ ጥፊውን፣ ግሸንን፣ በአንዴ አየሁት። ባጃጅ አስቆምን፤ ጤና ጣቢያው ላይ ስኳር የሌለበት ፈሳሽ በደም ሥሯ ተሰጥቷት፣ ኢንሱሊን ተወግታ፣ በአምቡላንስ ወደ ደሴ ተላከች። መንገዱን ሙሉ ጋሽ ባድሩ እግሯን ይዘው ከቁርኣን ያሲንን ይቀሩ ነበር። እስከዚያ ድረስ ስለ በረዶው ምንም አልነገርኳቸውም።

ደሴ ላይ ሐኪሙ መድኃኒቱ የት ይቀመጥ እንደነበር ጠየቀ። ጋሽ ባድሩ ቀና ብለው “ፍሪዘር ውስጥ ነው ዶክተር፤ ጠብ የማይል በረዶ ነው” አሉት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አልተቆጣም። ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ ይሞታል። አንዳንዱ ጥቂት ጉልበት ይቀረዋል፣ ያ ነው እስካሁን ያቆያት፤ ሌላው ግን ውኃ ነው። መጠኑ ቢጨመርም ውኃ ላይ ውኃ መጨመር ነው። ጋሽ ባድሩ እስኪጨርስ አዳመጡት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

“እትዬ መስኡዳስ?”

ሐኪሙ እትዬ መስኡዳን አያውቃቸውም። ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሉብና ሁለት ቀን ከሞት ጋር ነበረች። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። አያቷ ጎንበስ አሉላት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ መጀመሪያ የተናገረችው “አባባ፣ ያኔ ዋሽቼህ ነው። አልበላሁም” የሚል ነው። ጋሽ ባድሩ ግንባራቸውን የአልጋው ብረት ላይ አስደግፈው ቀሩ።

ከደሴ እንደተመለስን ሰማያዊውን ዕቃ አወጡ። ማሰሮውን ከጓሮ ፈልገው አጠቡት፣ አዲስ አሸዋ ሞሉት። ጋሽ አራጋው ዘንድ ራሳቸው ሄደው ነገሩ፤ አዲስ መድኃኒት ተሰጣቸው። በሦስተኛው ቀን “ፈሂማ ዘንድ አብረሽኝ ነይ” አሉኝ። ይዘው የሄዱት አንድ ነገር ነው፤ ባለጥቁር ክሩን ብልቃጥ።

ፈሂማ ጋሽ ባድሩን ስታይ ፊቷ በራ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ በየሐሙሱ እቤታቸው እየሄደች “የእናቴን መድኃኒት እንደ ዓይንዎ ጠብቀውልኝ” እያለች ትመርቃቸው ነበር። ምንጣፍ ዘረጋችልን። እሳቸው አልተቀመጡም። ቆመው፣ ብልቃጡን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሁሉንም ነገሯት። በረዶውን፣ ብብታቸውን፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ምንም ሳያስቀሩ ነገሯት። ሲጨርሱ “አፉ በይኝ ልጄ። ለእናትሽም አፉ በይልኝ። እሳቸውን ዱንያ ላይ አላገኛቸውም” አሉ።

ፈሂማ ብልቃጡን ከእጃቸው ተቀበለች። “አፉ ብያለሁ” አለች በመጨረሻ። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ እንዳላት ቀና አለች። “ግን ጋሽ ባድሩ፣ ቀዝቃዛ ይሁን ብሎ የነገረዎት ማነው?”

እኔ ከበሩ ጋ ተቀምጬ ነበር። እጄ ሻሌ ውስጥ ነው። ጋሽ ባድሩ ወደ እኔ አላዩም።

“ማንም አልነገረኝ። ከራሴ ነው” አሉ።

አፌ ተከፈተ። በቀን መቶ ጊዜ የሚናገረው አፌ፣ ለብቻው የሚሄደው አፌ፣ ያን ቀን አንድ ቃል አላወጣም። ፈሂማ ራሷን ነቀነቀች፤ እኛም ወጣን።

መንገድ ላይ “ጋሽ ባድሩ፣ ለምን?” አልኳቸው፤ እያለቀስኩ ነበር።

“አንቺ ገና ብዙ ቤት ትገቢያለሽ” አሉኝ። “ሰው ካላመነሽ ማንን ይስማ? እኔ አሳ ሻጭ ነኝ። አሁን ሂጂና የቀረውን ንገሪያቸው።”

ያን ማታ የድሮ መዝገቤን አወጣሁ። ወደ ሐይቅ ከመዛወሬ በፊት አምባሰል ስሠራ ኢንሱሊን የሚወጉ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩኝ። ለአሥራ አንዱም ያንኑ ግማሽ ነግሬያቸዋለሁ። ያኔ እዚያ ሰፈር መብራት እንኳ አልገባም ነበር። አሁን ገብቷል፤ ልጆቻቸውም ዓረብ አገር ናቸው።

በማግስቱ በጠዋት ተሳፈርኩ። ከአውቶቡሱ ወርጄ አንድ ሰዓት ያህል ዳገቱን በእግሬ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቤት የአሪፋ ነው፤ ታማሚው ሰዑድ የሚባለው ባሏ ነው። አሪፋ ከሩቅ አይታኝ እየሮጠች መጣች፣ አቀፈችኝ፣ እጄን ይዛ እየጎተተች አስገባችኝ። አዲስ ማቀዝቀዣ አላቸው፤ ልጃቸው ጅዳ ሆኖ የገዛላቸው ነው።

“ነይ እይልኝ፣ እንዳልሽን ነው ያደረግነው” አለችኝ። ከላይ ያለችውን ትንሿን በር ከፈተችና በረዶውን በቢላዋ ጫፍ ፈልፍላ አንድ ብልቃጥ አወጣች። ለእኔ ስትዘረጋልኝ ፊቷ በደስታ በርቶ ነበር።

ከጓዳ የሰዑድ ድምፅ ተሰማ። ውኃ አምጡልኝ ይላል።